ሰፊ ይፈለጋል

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው ደብረ ማርቆስን፣ አማኑኤልንና ደምበጫን ካለፈ በኋላ፣ ፍኖተ ሰላም ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ጅጋን ያገኛታል። "ያገኛታል" ያልሁት ለአፍ ልማድ ነው። አብዛኛው መንገደኛ ምሳውን ለፍኖተ ሰላም ወይም ለቡሬ ስለሚያቆየው ጅጋን የሚያያት በመኪና መስኮት ነው፤ ያውም እንቅልፍ ካልጣለው። እኔ የጅጋ ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ ላይ የጅጋ ልጅ ሆኖ መኖር ብዙ ወጪ የለውም። አንድ ግዴታ ብቻ አለበት፤ በየዓመቱ የአንድ ኮሚቴ አባል መሆን።

ይህ የምነግራችሁ ኮሚቴ የተቋቋመው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ያ መንገድ እንደ ልብ ይኬድበት በነበረ ጊዜ ነው። (ዛሬ የጎጃም መንገድ ሲነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ክፍት ነው?" ብሎ ነው። ስለ ትምህርት ቤትም የሚጠይቀው እንደዚያው ነው።) ዓላማው የጅጋና የአካባቢዋ ልጆች ድርሰት እንዲጽፉ ማበረታታት ነበር። ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያሉት በዓመት አንድ ጊዜ ይጽፋሉ፤ ጥሩ የጻፉት ይሸለማሉ፤ የተመረጠው ተሰብስቦ ይታተማል። ነገሩ በአንድ ገጽ ቃለ ጉባኤ አለቀ። እኔ ጸሐፊ ሆንሁ፤ አንድ ጊዜ መጽሔት ላይ ስሜ ስለወጣ። ጃኬታችንን ለብሰን ልንነሳ ስንል ገንዘብ ያዣችን እጇን አነሳች።

"ታዲያ ልጆቹ ዘንድ ባዶ እጃችንን ነው የምንሄደው?"

ባዶ እጅ! ለአራስ አጥሚት፣ ለታመመ ብርቱካን፣ ለእስረኛ ስንቅ ይዞ ያደገ ሕዝብ ይህን ቃል ሲሰማ ይደነግጣል። ሁላችንም ተመልሰን ተቀመጥን። ደብተርና እስክሪብቶ እንያዝ ተባለ። ደብተርና እስክሪብቶ እንዲሁ በእጅ አይሰጥም፤ በፌስታል ቢሰጥ ነውር ነው፤ ስለዚህ ቦርሳ። ቦርሳ ደግሞ ዝም ተብሎ አይገዛም፤ ስለዚህ ንዑስ ኮሚቴ። ሰባት ሰዎች ተመረጥን። ድርሰቱን የሚያነበው ንዑስ ኮሚቴ ጉዳይ በይደር ቆየ።

አዲስ አበባ ውስጥ ቦርሳ ስታዩ ያለፈ ፕሮጀክት ታያላችሁ። ጎረቤቴ ሽንኩርት የምታመጣበት ቦርሳ የፖሊዮ ክትባት ዘመቻ ነው። የሰፈራችን ጥበቃ ምሳ ዕቃውን የሚይዝበት የኢትዮጵያ ሚሌኒየም ነው፤ 2000 ዓ.ም. ካለፈ ስንት ጊዜው፣ ዚፑ ግን እስከ ዛሬ ይዘጋል። ፕሮጀክቱ ያልቃል፣ አበሉ ይበላል፣ ጥናቱ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል፤ ቦርሳው ግን ገበያ ይወጣል፣ ወፍጮ ቤት ይወርዳል፣ ልጅ ያሳድጋል። ሊቀመንበራችን ብዙ ስብሰባ ያዩ ሰው ስለሆኑ ይህን ያውቃሉ። በመጀመሪያው የቦርሳ ስብሰባ ላይ ማኪያቷቸውን እያማሰሉ "ከእኛ የሚቀረው ቦርሳው ነው" አሉ። ልጆቹ የሚጽፉትም ነገር ሊቀር ይችላል ብሎ ያሰበ ከመካከላችን አልነበረም። እኔም አላሰብሁም፤ ቃለ ጉባኤ ስጽፍ አላስብም።

ያ ስብሰባ ያለቀው በቀለም ነው። ጥቁር ሐዘን ነው ተባለ። ቀይ ፖለቲካ ነው ተባለ። ሰማያዊ የዩኒሴፍ ነው፤ ሰማያዊ ቦርሳ ያነገተ ልጅ ያየ ሰው ሁሉ "ይህን የሰጠው ዩኒሴፍ ነው" ስለሚል ድካማችን ለሌላ ሰው ይሄዳል። ነጭ ተመረጠ። ነጭ ፎቶ ላይ ያምራል። ከፍኖተ ሰላም ለንግድ መጥቶ ኮሚቴው ውስጥ የተገኘ አንድ ነጋዴ ብቻ ቅር አለው።

"ነጭ? ለጅጋ? ምነዋ ጌታው፣ አፈሩን ረሳችሁት እንዴ?"

አልረሳነውም፤ ሸሸነው እንጂ። የጅጋ አፈር ቀይ ነው። በክረምት ጫማ ላይ ሲጣበቅ ሰው ቁመት ይጨምራል፤ በበጋ ደግሞ ብናኙ ቅንድብ ላይ ያርፋል። ነጭ ነገር እዚያ አገር ነጭ ሆኖ የሚውለው ሰርግ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም እስከ ምሳ። ነጋዴው ሌላም ሐሳብ ነበረው። "ጅጋ በረንዳ ላይ በሲንጀር መኪና የሚሰፉ ሰዎች አሉ፤ ሸራ ገዝተን እንስጣቸው፤ ልጆቹንም እዚያው ለክተው ይሰፉታል" አለ። ሐሳቡ በአክብሮት ተሰማ። በአክብሮት የሚሰማ ሐሳብ መጨረሻው ይታወቃል። "ጥራት" የሚል ቃል ተነሳ፣ "ስታንዳርድ" የሚል ቃል ተከተለው፣ ነጋዴው ሻዩን ጠጣ።

ሁለተኛው ስብሰባ ቦርሳው ላይ ስለሚጻፈው ነበር። የተስማማንበት ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ "የሕፃናት ጽሑፍ"። ሁለት ቃል ለማጽደቅ ሦስት ሰዓት ፈጀ ብላችሁ አትገረሙ። ችግሩ ከቃሉ ሳይሆን ከፊደሉ ነው። ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር አሉን። "'ሕፃናት' በሐመሩ ሐ እና በፀሐዩ ፀ ነው፤ 'ጽሑፍ' በጸሎቱ ጸ እና በሐመሩ ሐ ነው" አሉ። ቦርሳውን በኮምፒውተር የሚነድፈው ወጣት ዲዛይነር ግራ ገባው።

"ጋሼ፣ አንድ ቦርሳ ላይ ሁለት ዓይነት 'ጸ' ካለ እኮ ሰው ስህተት ነው ይላል። አንዱን እንምረጥ።"

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። መነጽር ሲያወልቁ ነገር አለ ማለት ነው። ከግዕዝ ተነስተው፣ በብራና በኩል አድርገው፣ እስከ መጽሔቶቻችን ውድቀት ደረሱ። ነጋዴው በመካከል "እንግዲህ ልጆቹ ሁለቱንም 'ጸ' ይወቁ፤ ሁለት በግ ያለው ሰው አንዱን አያርድም" ብሎ መምህሩን ደገፈ፤ በእርግጥ እንደምናውቀው የሚያርደው ሁለት በግ ያለው ነው።

እዚህ ላይ ነበር አንዱ አባል ደራሲውን ሐዲስ ዓለማየሁን ያነሳው። የጎጃም ሰው ስለ ጽሑፍ ተሰብስቦ ሐዲስን ሳያነሳ ቢበተን ስብሰባው ምልዓተ ጉባኤ አይሞላም። በ1902 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ አጠገብ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ፤ ይህን እናውቃለን። የልቦለዳቸው የ"ፍቅር እስከ መቃብር" ባለታሪክ በዛብህ የተወለደባት ማንኩሳ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲሄዱ መንገድ ላይ ናት፤ ይህንንም እናውቃለን፣ ያላነበብነውም ጭምር። አባሉ ያነሳው ግን ሌላ ነገር ነው። ሐዲስ በ1958 ዓ.ም. ያን መጽሐፍ ሲያሳትሙ ጠብቆ በሚነበበው ፊደል አናት ላይ ነጥብ አድርገዋል። አማርኛችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን በጽሑፍ አይለይም፤ አንባቢው ይድረስበት ነው የሚለው። ሐዲስ ግን አንባቢን ማድከም አልፈለጉም። "እኛም የጽሑፍ ማኅበር ከሆንን ቦርሳችን ላይ ነጥብ እናድርግ" አለ ሰውየው።

"ለምሳሌ?" አሉ ሊቀመንበሩ።

"ለምሳሌ 'ሰፊ'። ፊ ሲላላ ልብስ ሰፊ ነው። ሲጠብቅ ሰፊ ሜዳ ነው። በሐዲስ አጻጻፍ ሜዳው ነጥብ አለው፣ ልብስ ሰፊው የለውም።"

ዝም ብለን አሰብን። ለካ አንዲት ነጥብ ባለሙያን ከሜዳ ትለያለች! ዲዛይነሩ ግን ነጭ ቦርሳ ላይ ነጥብ ቢደረግ ከዝንብ ጋር እንደሚምታታ፣ እናቶችም ቆሻሻ መስሏቸው ሊያጥቡት እንደሚሞክሩ አስረዳ። ነጥቡ ቀረ። መምህሩ ግን አሸነፉ። "የሕፃናት ጽሑፍ"፣ ሁለቱም ጸ፣ ሁለቱም በየቦታቸው። አጨበጨብን።

ዓርማው ሌላ ጣጣ ነው። ዲዛይነሩ ከኢንተርኔት አንድ ላባ አምጥቶ ቀለም ጠርሙስ ውስጥ ሰክቶታል። ፈረንጆች ድሮ በዝይ ላባ ይጽፉ ነበርና ጽሑፍ ሲባል የዓለም ኮምፒውተር ሁሉ ላባ ያወጣል። መምህሩ እንደገና መነጽራቸውን አወለቁ። የእኛ ጸሐፊ በላባ ጽፎ አያውቅም፤ ከመቃ የተቀረጸ ብርዕ ነው የሚይዘው፤ ቀለሙም የሚቀመጠው በቀንድ ውስጥ ነው፣ ስሙም ቀለም ቀንድ ነው፣ ቀንዱን ደግሞ መሬት ላይ ይተክሉታል። ዲዛይነሩ ሞከረ። ብርዑን ሲሥለው የሸንኮራ አገዳ መሰለ። ቀንዱን ሲሥለው ደግሞ የጠጅ ዋንጫ መሰለና ገንዘብ ያዧ "ሕፃናት ናቸው እኮ!" አለች። ላባው ተመለሰ።

(በኋላ ጅጋ ላይ አንድ አባት ቦርሳውን አገላብጠው አይተው፣ ላባዋን በጣታቸው ነክተው፣ "የዶሮ እርባታው መቼ ነው የሚጀመረው?" ብለው ጠየቁኝ። ለዶሮ እርባታ ብዙ ሥልጠና የወሰዱ ሰው ናቸው። አልተሳሳቱም።)

የቦርሳው ጀርባ ለስፖንሰር ተተወ። መጀመሪያ አንድ ነበር፣ ከዚያ ሁለተኛው "እሱ ካለ እኔስ?" አለ፤ ሰባት ሆኑ። ሰባት ዓርማ ጀርባ ላይ አልበቃ ሲል ሁለቱ ወደ ፊት ዞሩ። "የሕፃናት ጽሑፍ" ቦታ ለመልቀቅ ትንሽ ዝቅ አለ፣ ትንሽ ጠበበ፣ በመጨረሻ ላባዋ ሥር እንደ ግርጌ ማስታወሻ ተሸጎጠ። ሙሽራዋ ጥግ ላይ የተቀመጠችበት ሰርግ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ስለ ቦርሳ ይህን ያህል ስንጨነቅ ከአገራችን ቦርሳ የተማርነው ምንም አልነበረም። ምን ያልነበረን አለና! የጎጃም የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ ነው ከደጅ ደጅ የሚዞረው። አኩፋዳው ቁራሽ እንጀራና የተለመነ ቆሎ ይዞ ሲመለስ ነው ቅኔው የሚዘረፈው። አኩፋዳ ላይ የማንም ስም አይጻፍም፤ ቁራሹን የሰጠችው እናት በሩን ዘግታ ትገባለች። ወይ ደግሞ ማኅደርን ተመልከቱ። የብራና መጽሐፍ የሚቀመጥበት የቆዳ ማኅደር የሚሰፋው መጽሐፉ ተጽፎ፣ ተደጉሶ ካለቀ በኋላ በልኩ ነው። ዳዊት የዳዊቱን ያህል፣ ግንዘት የግንዘቱን ያህል። ማኅደሩን ቀድሞ ሰፍቶ "እንግዲህ ይህን የሚሞላ መጽሐፍ ጻፉ" ያለ የቆዳ ሠራተኛ በታሪክ አልተሰማም። ያን ያልነው እኛ ነን።

ይህን ስል የሚታወሰኝ ማሞ ቂሎ ነው። ማሞ ቂሎ ሠርቶ ያገኘውን ገንዘብ መንገድ ላይ ጥሎ ይመጣል። እናቱ "ኪስህ ውስጥ አትከትም ነበር?" ትለዋለች። በማግስቱ የሚከፈለው ወተት ይሆናል። ማሞ የተባለውን አይረሳም፤ ወተቱን ኪሱ ውስጥ ይገለብጠዋል። ይህን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ የልጆች መጽሐፍ አድርገው ያሳተሙት ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ናቸው። አሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ውስጥ ሲሠሩ ቆይተው፣ በአማርኛ የተጻፈ የልጅ መጽሐፍ ማጣታቸው ከንክኗቸው ወደ አገር ቤት የተመለሱ ሰው ናቸው። በ1995 ዓ.ም. ሾላ ሰፈር ከመኖሪያቸው ሥር ለልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። አዋሳ ላይ ደግሞ መጻሕፍቱን አህያ በሚጎትተው ጋሪ ጭነው ወደ ልጆቹ ወሰዷቸው። የአህያውን ቀለም የመረጠ ንዑስ ኮሚቴ ስለመኖሩ አልሰማሁም። አህያ እንደ ተወለደ ነው የሚሄደው።

የሆነ ሆኖ ቦርሳው ወደ ማተሚያ ቤት ሄደ። ዲዛይነሩ ሥራውን በቴሌግራም ላከው። ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የእኛ ፎንት አልነበረም፤ ፋይሉ ሲከፈት "የሕፃናት ጽሑፍ" የነበረው ቦታ ላይ አራት ማዕዘን ሳጥኖችና ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ተሰልፈው ቆሙ። የማተሚያ ቤቱ ልጅ ጎበዝ ነው፤ አልደወለልንም። በራሱ ፎንት በራሱ እጅ እንደገና ጻፈው፣ ሦስት መቶውንም ቦርሳ አተመው። "የህፃናት ፅሁፍ"። ሦስት ሰዓት፣ ሰባት ሰው፣ ዘጠኝ ማኪያቶ፣ አንድ መነጽር። መምህሩ ለሁለት ሳምንት ስልክ አላነሱም።

ሌላም ነገር ነበር። አንደኛው አባል ቦርሳው የጨርቅ እንዲሆን የተሟገተው በአካባቢ ጥበቃ ነበር። በ1999 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ ቁጥር 513 ጠቅሶ፣ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፣ አፈር ውስጥ የማይበሰብስ ስስ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ መከልከሉን በቃሉ ነገረን። (አዋጁ ወጥቶም ፌስታሉ እንደልቡ ሲበር ኖረና፣ በ2017 ዓ.ም. ጠበቅ ያለ ሌላ አዋጅ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አጸደቀ።) ቦርሳችን ልጆችን ከፌስታል ያድናል ተባለ፣ ስፖንሰሮችም በዚህ ተደሰቱ። ዕቃው ሲመጣ ካርቶኑን ከፈትን። እያንዳንዱ ቦርሳ፣ እንዳይቆሽሽ፣ ለየብቻው በስስ ፌስታል ተጠቅልሏል።

የስጦታው ቀን ጅጋ ገባን። ልጆቹ ከጠዋት ጀምረው ፀሐይ ላይ ተሰልፈው ነበር። ንግግር አደረግን፤ ሁላችንም። እኔ ስለ ሐዲስ ተናገርሁ። ከዚያ ቦርሳ ታደለ። ከአምስተኛ ክፍል አንዲት ቀጭን ልጅ ተጠርታ ስትመጣ ማንገቻውን ትከሻዋ ላይ አደረገችው፤ ቦርሳው ቁልቁል ወርዶ ቁርጭምጭሚቷ ላይ አረፈ። ደነገጥሁ። ትዝ አለኝ፤ ማንገቻውን የለካነው ሊቀመንበሩ ላይ ነው። ሊቀመንበራችን ደግሞ በወጣትነታቸው መረብ ኳስ ይጫወቱ የነበሩ ሰው ናቸው። ልጅቷ ሁለት እርምጃ ሄደች፣ ቦርሳው እግሯን መታት፣ ቆም ብላ ማንገቻውን አንገቷ ላይ ሁለት ዙር ጠመጠመችው። ፎቶ አንሺው "ወደ ካሜራ አዙሪው፣ ዓርማው ይታይ!" አላት። አዞረችው። ሰባቱም ታዩ።

ውስጡስ? ውስጡ አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶ፣ አንድ ከረሜላ፣ ስለ ማኅበራችን የሚያትት ባለ ስድስት ገጽ ብሮሹርና የአንድ ስፖንሰር የግድግዳ ካላንደር። ካላንደሩ ከደብተሩ ይረዝም ስለነበር ተጣጥፎ ነው የገባው። ሁለተኛ ደብተር ለመጨመር አስበን ነበር፤ ገንዘቡ ግን ላባዋን በሦስት ቀለም ስላተምናት አለቀ።

ድርሰቱ? እ... ድርሰቱ በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ይካሄዳል ተባለ።

እንዳትቸኩሉ፤ ልጆቹ ጭራሽ አልጻፉም አላልሁም። ጽፈዋል። ስፖንሰሮቹ የምስጋና ደብዳቤ ይፈልጋሉ። ከወር በኋላ ለአስተማሪዎቹ ደወልንላቸው፤ የአንዱን ክፍል አስተማሪ እናውቃቸዋለንና አደራ አልናቸው። ናሙናውን በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፉት፤ ልጆቹ ገለበጡት። አርባ ስድስት ደብዳቤ በከባድ መኪና ሹፌር እጅ መጣልን። አርባ አምስቱ "በመጀመሪያ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ" ብለው ይጀምራሉ፤ "ለወደፊቱም ድጋፋችሁ አይለየን" ብለው ያልቃሉ። የጽሑፍ ማኅበራችን የመጀመሪያና እስካሁን ብቸኛ የሕትመት ውጤት ይህ ነው።

አርባ ስድስተኛው አጭር ነበር። ያቺ ማንገቻውን አንገቷ ላይ የጠመጠመችው ልጅ ትሁን ሌላ አላውቅም። ናሙናውን ሰሌዳው ላይ ሲጽፉት ወይ ዘግይታ ገብታለች፣ ወይ አልታያትም። እንደ ጻፈችው ላስቀምጠው፤

"ለህፃናት ፅሁፍ። ቦርሳው ያምራል። እናቴ ገበያ ትይዘዋለች። በርበሬ ይዛበት ሄዳ አሁን ቀይ ነው። ማንገቻው ረጅም ነው። አባቴ ቆርጦ ለጥጃዋ አሰረላት። ላሟ ስትታለብ ጥጃዋ በሱ ትታሰራለች። ድሮ በልጥ ነበር ትበጥሰው ነበር። አሁን አትበጥስም። እኔ ደብተሬን በማዳበሪያ ላስቲክ ነው የምይዘው ዝናብ አያስገባም። ደብተሩ አልቋል።"

የዩሪያ ማዳበሪያ 50 ኪሎው ጆንያ ውስጥ ሌላ ውስጠኛ ላስቲክ አለው። የገበሬ ልጅ ያን ላስቲክ አጥባ፣ አድርቃ፣ ደብተሯን ትጠቀልልበታለች፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ራሷ ላይ ትደፋዋለች። ላስቲኩን የነደፈው ሰው ስለ እሷ ያወቀው ነገር የለም። ከእኛ ግን በልጧል።

ደብዳቤዎቹን ለመገምገም ተሰበሰብን፤ ያው ካፌ፣ ያው ጠረጴዛ። አርባ አምስቱ ለስፖንሰሮች እንዲላኩ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። አርባ ስድስተኛው ላይ ክርክር ተነሳ። መምህሩ ደብዳቤውን ጮክ ብለው አነበቡት፤ ሲጨርሱ መነጽራቸውን አላወለቁም፤ ዝም ብለው አጥፈው ለነጋዴው አቀበሉት። ገንዘብ ያዧ "ጥጃ" የሚለው ለስፖንሰር አይመችም አለች። አንዱ አባል 'ህፃናት' እና 'ፅሁፍ' ተሳስቷል፣ ልጆቻችን ፊደል እንኳ በወጉ አያውቁም ብሎ አዘነ። ልጅቷ የገለበጠችው ከቦርሳችን ላይ እንደሆነ ማንም አላስታወሰውም። ደብዳቤው ከሪፖርቱ እንዲቀር ተወሰነ።

ይሁን እንጂ ሊቀመንበሩ ከአስተያየት መማር የሚችሉ ሰው ናቸው። "ልጅቷ ያነሳችው ቁም ነገር አለ" አሉ። "ማንገቻው ይጠር። ጨርቁ ውሃ የማያስገባ ይሁን። ቀለሙም በርበሬ የማይታይበት፣ ቡናማ ነገር ቢሆን።" ለየጉዳዩ አንዳንድ ሰው ተመደበ፤ ውሃ ለማያስገባው ሁለት። ደብተሩ ማለቁን ያነሳ አልነበረም፤ እኔም ቃለ ጉባኤ እየጻፍሁ ስለነበር አላነሳሁም።

"ደግሞ ያኛው ጠባብ ነበር፤ ካላንደሩ ተጣጥፎ ነው የገባው። ለሚቀጥለው ዓመት ጻፍ" አሉኝ ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረው፣ ፊን በጥርሳቸው እስኪይዟት ድረስ አጥብቀው፣ "ሰፊ ይፈለጋል።"

ነጋዴው ሻዩን አስቀምጦ አየኝ። "ሰፊ ይፈለጋል" ብዬ ጻፍሁ። ነጥብ አላደረግሁበትም።